የእንግዳዋ እግር

ይህን የምጽፍላችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም። በእኔ ላይ የደረሰ ነው።

ማመን ያልፈለገ ይተወው። ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እኔም አላምንም ነበር።

ጨለማ የጠበቃችሁ ካላችሁ ደግሞ ተሳስታችኋል። የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው... ቀትር ላይ፣ ስድስት ሰዓት ገደማ። ቻይት የምንለው የበጋ ወር ሙቀት ውሻውን ሁሉ ከግድግዳ ሥር አስተኝቶት ነበር። ቦታው የራሴ ግቢ ነው፤ ፓሊ ከተማ አካባቢ ባለችው መንደራችን።

ስሜ ኬሳር ነው። ባለቤቴ ባንሲ ሱራት ከተማ የጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ ቤት የሚመጣው ለበዓል ብቻ ነው። ስለዚህ ግቢው ውስጥ የምንኖረው ሦስት ነን። እኔ፣ የስድስት ዓመት ልጄ ቱልቺ፣ እና አማቴ እማማ ጌንዳ።

የእማማ ጌንዳ ምላስ ከምላጭ ይስላል። ቂጣ ካሳረርኩ "ሙሽሪት፣ ይሄንን ለጫማ ሰፊው ላኪለት" ይሉኛል። ስንት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ፣ ወልጄም፣ አሁንም ሙሽሪት ነኝ። በአገራችን ምራት እስክታረጅ ሙሽራ ናት።

አንድ ጠዋት የቱልቺን ቀሚስ ሳወልቅ ሆዷ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ አየሁ። ገላዋ ይፋጃል።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ መጣች፣ አየቻት፣ ሽሮፕ ሰጠችን። ጉድፍ ነው፣ አይቧጨር፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ትተኛ፣ ያልፋል አለች። እማማ ጌንዳ ሽሮፑን በሁለት እጃቸው ተቀብለው አመሰገኑ። ነርሷ ከግቢ ስትወጣ ግን ኒም ከሚባለው መራራ ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጠው በሩ ላይ አሰሩ።

"እናት ሺትላ መጣች" አሉኝ።

በአህያ ተቀምጣ፣ መጥረጊያና የውሃ እንስራ ይዛ ከመንደር መንደር የምትዞረዋን እናት ማለታቸው ነው። ትኩሳቱን የምታመጣውም የምታበርደውም እሷ ናት። ልጅ ላይ ሽፍታ ሲወጣ እሷ ቤታችን እንግዳ ሆናለች ማለት ነው። ኒም የታሰረበትን በር ደግሞ ማንም አያልፍም። ከውጭ የሚገባ የለም፤ ከውስጥም የሚወጣ የለም... እንግዳዋ እስክትሸኝ።

ምድጃው ጠፋ። መጥበስ የለም፣ ቁሌት የለም፣ መጥረግ የለም፣ ፀጉር ማበጠር የለም። ልጅቷን መቆጣት የለም፤ እንዲያውም አንቺ ማለትም የለም። የበረደ የማሽላ አጥሚት በአሬራ እየጠጣን ተቀመጥን። አሬራውን ጎረቤታችን ቹኒ በግንቡ ላይ ታቀብለናለች።

ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። የመጨረሻውን ትእዛዝ ግን አልቻልኩትም።

"ተከናነቢ" አሉኝ እማማ ጌንዳ።

"ማን ፊት?"

"ልጅሽ ፊት። አሁን እሷ ላይ ያለችው ከእኔም ትበልጣለች።"

እኛ ጋ ምራት በታላላቆቿ ፊት ፊቷን ትሸፍናለች። ጨርቁ እስከ ደረት ይወርዳል፤ የሚታየን መሬቱና የሰዉ እግር ብቻ ነው። ስለዚህ ሰውን የምናውቀው በእግሩ ነው። የባሌን ወንድሞች ፊት ለይቼ ላላውቅ እችላለሁ። እግራቸውን ግን ገበያ መሃል ባየው አልስተውም።

እንግዲህ የገዛ ልጄን ከታመመች ጀምሮ በእግሯ ብቻ አየኋት። ከገመድ አልጋዋ ላይ የተንጠለጠሉ ሁለት ትንንሽ እግሮች። ፊቷ ላይ ሽፍታው ይብዛ ይነስ አላውቅም። ስታለቅስ አቅፋታለሁ፣ ግን በጨርቅ ውስጥ ነው። ብርሃን እያለ የታሰርኩ ያህል ተሰማኝ።

ቱልቺ ግን ሹመቱ ተስማማት። እርጎ አምጡ ስትል አያቷ ይሮጣሉ። አንድ ቀን "እማማ፣ ቀን ስትተኚ አታንኮራፊ፣ እንግዳዋ ትረበሻለች" ብላ አዘዘቻቸው። አማቴ አንገታቸውን ደፍተው እሺ አሉ። በጨርቄ ውስጥ በሳቅ ፈረስኩ።

ሳቄ ብዙ አልቆየም።

መጀመሪያ ምድጃው ነው። እሳት ካየ ሰንብቷል። ከሰዓት በኋላ ሳጎነብስ አመዱን መሃሉ ተደፍጥጦ አየሁት... ሰው ተኝቶበት የተነሳ ይመስል ጎድጉዷል።

ድመቷ ናት አልኩ።

ከዚያ ትዝ አለኝ። ድመቷ ኒሙ የታሰረ ዕለት በግንቡ ዘልላ ሄዳለች፤ ተመልሳ አልመጣችም።

ቀጥሎ እንስራው። ጠዋት ከግቢው ጉድጓድ ቀድቼ እሞላዋለሁ፣ ቀትር ላይ ይጎድላል። ዙሪያው ያለው መሬት ርጥብ ነው። ሰው እግሩን የታጠበበት ይመስላል።

ቀጥሎ ደግሞ ቱልቺ። በር ላይ ቆሜ ስታወራ ሰማኋት፤ ቀስ ብላ፣ እያቋረጠች፣ መልስ እንደሚሰማ ሰው።

"ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?" አልኳት። የስድስት ዓመት ልጄን... በአክብሮት።

"ከሴትዮዋ ጋር።"

"የትኛዋ?"

"እግሯን የሚያማት። ብዙ ስለምትሄድ።"

ሄጄ ለእማማ ጌንዳ ነገርኳቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፤ ስድብ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"አትጠይቂያት" አሉ በሹክሹክታ። "እንግዳ ምን አመመሽ አይባልም።"

"እንውጣና ቹኒ ጋ እንደር።"

"እንግዳ ትቶ የሚወጣ ቤተሰብ አለ? ቁጭ በይ።"

ቁጭ አልኩ። ግቢያችን አንድ በር ነው ያለው፤ ግንቡም ከቁመቴ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ በጨርቁ ሥር የማየው መሬት ሁሉ ያስፈራኝ ጀመር። አሁን አንድ የማላውቀው እግር ይመጣል እያልኩ እጠብቅ ነበር።

አልመጣም። ሽፍታው ደረቀ፣ ቅርፊቱም ረገፈ። ቱልቺ ርቧት ቂጣ ጠየቀች። እማማ ጌንዳ እንግዳዋ የምትሸኝበት ቀን ደረሰ አሉ።

ልጅቷን በኒም ውሃ አጠቧት። ዋዜማውን ቹኒ ቤት በስሎ ያደረ ቀዝቃዛ ምግብ በሳህን ያዙ። ለአህያዋ ሽምብራ ዘፈዘፉ። ኩሬው ዳር ያለችው ቤተ መቅደስ ሄደው በእናት ሺትላ ድንጋይ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈሳሉ፤ እንግዳዋም ከዚያ መንገዷን ትቀጥላለች።

ቤቱ ባዶ መሆን ስለሌለበት እኔ ቀረሁ።

"በሩን ቀርቅሪ" አሉኝ። "መጥቼ ቅጠሉን በእጄ እስካወርድ አትጥረጊ፣ አታበጥሪ። ፊትሽንም እንዳትገልጪ።"

ቀረቀርኩት። ድምፃቸው እየራቀ ሄደ። በረንዳው ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ከደቂቃዎች በኋላ የልጄን ፊት ላየው ነው። ሙቀቱ ከበደኝና ሸለብ አደረገኝ።

ኮቴ ሰማሁ...

ከጨርቄ ጫፍ ሥር ሁለት እግሮች አለፉ። አቧራ የጠጡ፣ የተሰነጣጠቁ፣ የአሮጊት እግሮች። የገመድ አልጋው ሲጢጥ አለ። ተቀመጡ።

እማማ ጌንዳ ተመለሱ አልኩ።

እዚህ ላይ ያደረግኩትን ማንኛዋም የመንደራችን ምራት ታደርገው ነበር። ታላቅ ሰው ከሩቅ ሲመጣ ምራት ተንበርክካ እግሩን ታሻለች። ታላቁ መርቆ "በቃሽ" እስኪል እጇን አታነሳም። ሳይመረቁ መነሳት ምርቃትን መጣል ነው። የተጣለ ምርቃት ደግሞ እርግማን ይሆናል ይላሉ፤ የሚያርፈውም ልጅ ላይ ነው።

እጄ ከሐሳቤ ቀደመ። ተንበርክኬ እግሮቹን ያዝኩ።

ቀዝቃዛ ናቸው።

አሸዋው እግር በሚጠብስበት ቀትር... ከጥልቅ ጉድጓድ እንደወጣ ውሃ ይቀዘቅዛሉ።

ዝቅ ብዬ አየሁ። በጣቶቹ መካከል አመድ አለ። የእማማ ጌንዳ የቀኝ አውራ ጣት ጥፍር የለውም፤ አህያ ረግጧቸው ወልቋል። ይሄኛው እግር ግን ጥፍሩ ሙሉ ነው።

ያን ጊዜ ነው ሌላው ነገር የገባኝ።

በሩን ከውስጥ ቀርቅሬዋለሁ። ያንኳኳ የለም። የከፈትኩም አይደለሁም።

"እማማ?" አልኩ።

ከበላዬ ረጅም ትንፋሽ ብቻ ሰማሁ፤ ከባድ ሸክም ያወረደ ሰው ትንፋሽ።

በሩ ተንኳኳ።

"ሙሽሪት፣ ክፈቺ እንጂ፣ ፀሐዩ ፈጀን።" እማማ ጌንዳ ናቸው። ከውጭ። አጠገባቸው ቱልቺ "እማዬ፣ ጠማኝ" ትላለች።

እጄ ማሸቱን አላቆመም። ላቆመው ፈራሁ።

"እማማ... መክፈት አልችልም።"

"ለምን?"

"እግር ይዣለሁ።"

ከዚያ ድምፃቸው ከበሩ ስንጥቅ፣ ከታች በኩል መጣ። ተንበርክከው ነው መሰለኝ።

"የማንን?"

"የእርስዎ መስሎኝ ነው።"

"ገልጠሽ አየሻት?"

"አላየሁም።"

"እንዳታያት። እንዳትነሺም። እስክትመርቅሽ ድረስ ማሸትሽን ቀጥዪ።"

አሸሁ። ከተረከዝ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጣት። የበረንዳው ጥላ ከጉልበቴ ሸሽቶ ሄደ። ጣቶቼ ደነዘዙ። ውጭ ቱልቺ ታለቅሳለች፤ ቹኒ መጥታ ስታባብላት እሰማለሁ። በልጄና በእኔ መካከል አንድ ሳንቃ ብቻ ነው ያለው። ያንን ሳንቃ ልከፍት ብነሳ የማጣት እሷን ነው። ካልተነሳሁም እዚሁ እቀራለሁ።

ከዚያ ተናገረች።

ድምፅዋ የአሮጊትም የወጣትም አይደለም። ዝግ ያለ ነው።

"በየቤቱ የበረደ ምግብ ይሰጡኛል" አለች። "ከዚያ ይሸኙኛል። መምጣቴን እንጂ መድከሜን የሚጠይቅ የለም። እግሬን የያዘልኝ... የለም።"

ፈርቼ ነበር፤ እየፈራሁም ግን አንጀቴን በላችኝ። እንባዬ እግሯ ላይ ጠብ አለ። ወዲያው ወደ ቆዳዋ ሰመጠና ጠፋ።

"ልጄን ይተዉልኝ" አልኩ በሹክሹክታ።

"ልጅሽን ትቻለሁ።"

"እንግዲያው ይመርቁኝ።"

እግሮቿን ወደ ጭኔ አቀረበቻቸው።

"ከመረቅኩሽ ትነሻለሽ" አለች።

ያኔ ገባኝ። በቃሽ አትልም። ዛሬም ነገም አትልም።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከግንቡ በኩል ነገር ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ከቹኒ ግቢ መሰላል ተደግፎ፣ የሚያቃስት ሰው በግንቡ ወደ ግቢያችን ወረደ። ጥፍር የሌለው አውራ ጣት ከጨርቄ ሥር መጣና አጠገቤ ቆመ።

እማማ ጌንዳ ጉልበታቸው ቀጭ እያለ ተንበረከኩ። አፋቸውን ጆሮዬ ላይ አደረጉ።

"እጅሽን እንዳታነሺ። እኔ ከላይ ስይዝ አንቺ ከሥር ሳቢ።"

"እማማ፣ እርስዎ እንዴት..."

"ዝም በይ። ልጅ ያለሽ አንቺ ነሽ።"

"እርስዎስ ልጅ የለዎትም?"

"የእኔው ጢም አብቅሏል። ቂጣውን ገዝቶ ይበላል።"

አለቀስኩ። እሳቸው ግን የለመዱትን ስድብ አልተዉኝም።

"ማሸትም አትችይበት። ስንት ዓመት እግሬን ስትነኪኝ ዶሮ የምትጭረኝ ነው የሚመስለኝ። እኔ አማቴን አሽቼ ነው ያደግኩት። ልቀቂ።"

ከዚያ ሻሻቸውን ጎትተው ፊታቸውን እስከ ደረታቸው ሸፈኑ። እማማ ጌንዳ በማንም ፊት ሲከናነቡ አይቼ አላውቅም ነበር። ሻካራ እጃቸው በእጄ ላይ አረፈ። እግሩ ለቅጽበት እንኳ ሳይለቀቅ፣ እኔ ከሥር ሳብኩ።

ተንፏቅቄ በሩ ጋ ደረስኩ። መቀርቀሪያውን አነሳሁ። ቱልቺ ሮጣ አንገቴ ላይ ስትጠመጠም ጨርቁ ከፊቴ ወደቀ። ልጄን አየኋት። ፊቷ ላይ አንድ ጠባሳ የለም።

ዞር ብዬ ደግሞ ግቢውን አየሁ። አማቴ ተንበርክከው ያሻሉ። እጆቻቸው አየር ላይ ይሄዳሉ። አልጋው ላይ ማንም የለም... ገመዱ ግን ሰው ተቀምጦበት ወደ መሬት ረግቧል።

"ዝጊው" አሉኝ ሳይዞሩ።

ልጄን ታቅፌ ወጣሁና ዘጋሁት። ከውስጥ መቀርቀሪያው ወደቀ። የእማማ ጌንዳ እጅ ግን አልጋው ጋ ነበር።

ባንሲ ከሱራት በባቡር መጣ። ዲጂኖ ይዞ በሩን ሊሰብር ሲል እናቱ ከውስጥ ተናገሩ። ከሰበርከው እኔ መነሳቴ ነው፣ እኔ ከተነሳሁ ደግሞ ልጅህን ፈልጋት አሉት። ዲጂኖውን ጥሎ በሩ ሥር ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

የኒሙ ቅርንጫፍ ዛሬም በሩ ላይ አለ። አልደረቀም። የሚቀይረው ሰው የለም፣ ቅጠሉ ግን እንደ ዕለቱ አረንጓዴ ነው።

እኛ ቹኒ ቤት ነን። በየቀኑ ቀትር ላይ የበረደ አጥሚት በሳህን አድርጌ በበሩ ሥር ባለው ክፍተት እገፋለሁ። እማማ ጌንዳ ከውስጥ ይጠይቁኛል። ሁሌም ያንኑ ነው።

"ቱልቺ ደህና ናት?"

"ደህና ናት፣ እማማ።"

"እንግዲያው አልደከመኝም።"

እንዲህ ክረምቱ አለፈ፣ ብርዱም መጣ። ድምፃቸው አልደከመም። እንዲያውም ከሳምንት ሳምንት እየጠራ ሄደ። ሳላቸው ጠፋ። አንዳንዴ ሲያንጎራጉሩ እሰማለሁ፤ ሙሽሮች ወፍጮ ላይ የሚያንጎራጉሩትን።

ትናንት ሳህኑን ገፍቼ ጠበቅኩ።

ጥያቄው አልመጣም።

በክፍተቱ በኩል እጅ ወጣ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። መዳፉ ገና ባልደረቀ ሂና ተዥጎርጉሯል። ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ ቀይ የሙሽራ አምባር ተደርድሯል። እኛ ጋ ባሏ የሞተባት ሴት አምባሯን ቀብሩ ዕለት ትሰብራለች፤ ሂና ከዚያ በኋላ አትነካም። የባንሲ አባት የሞቱት እኔ ሳልዳር ነው።

ቆዳው አልተጨማደደም። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድ እጅ ነው።

ሳልጠየቅ መልሱን ተናገርኩ።

"ቱልቺ ደህና ናት፣ እማማ።"

እጁ ሳህኑ ላይ ቆመ። ከበሩ ማዶ አንዲት ልጃገረድ፣ በእማማ ጌንዳ ድምፅ ግን በአዲስ ሙሽራ ዓይን አፋርነት፣ ለስለስ ብላ መለሰችልኝ።

"ይቅርታ እትዬ... ቱልቺ ማን ናት?"

ከዚያ አምባሮቹ ተንኳኩና እጁ ሳህኑን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ።